«ምን ዓይነት እናት ነኝ?» የዚህ ወር ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «እናት ልባል አይገባኝም» ብለው ይጀምራሉ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ማንነትን የሚያሳውቅ ነገር ካለም አስወግጃለሁ።

ከዓባይ ማዶ፣ የሁለት ልጆች እናት። ሁለተኛው ከተወለደ ጀምሮ ጸሎቷ ተቋርጧል። ውዳሴ ማርያም ስትከፍት ሕፃኑ ያለቅሳል። ያመለጧትን ቀናት በደብተር መዝግባ ይዛለች፤ ልጁ ከፍ ሲል ልትከፍላቸው።

ደብተሩን ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት። ያለፈ ጸሎት እንደ አራጣ ብድር ወለድ አይወልድም። ለጊዜው ከአጭሩ ጀምሪ፦ በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። ቀስ ብለሽ ብትዪውም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ሰዓት አትቁረጪለት፤ ሕፃን ሰዓት አያከብርም። ከማይቀር ነገር ጋር አያይዢው፤ ለምሳሌ ጎሕ ሲቀድ ከምታጠቢው ጡት ጋር። «ልጅ ታቅፌ፣ አልጋ ላይ ተቀምጬ ይሆናል ወይ?» ላልሽው ይሆናል። ይህ ሲለመድ ውዳሴ ማርያምን ጨምሪ፤ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና የዕለቱን ብቻ ነው የምታነቢው። ማክሰኞ ካመለጠሽ ረቡዕ የረቡዕን አንብቢ፤ ሁለቱን አትደርቢ። የሚደርቡ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሁሉንም ይተዉታል።

«ስለማጠባ በዐቢይ ጾም የጣና ዓሣ ብበላስ?»

የዓሣው ክርክር ከዚህ ዓምድ በዕድሜ ይበልጣል፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። የንስሐ አባቶች ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾሙን ማቅለላቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳትጠይቂ ራስሽ ላይ አታክብጂው። ዓሣውን በላሽም ተውሽም፣ የምታጠባ እናት ከወትሮው ምግቧ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሎ አንዴ መብላት ለዚህ አይሆንም።

ከሽምብጥ፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች። ልጁ ሦስት ወር ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች፤ ሕፃኑ ሲተኛ እሷ ዓይኗ ፈጦ ያድራል፤ ስታቅፈው «የሰው ልጅ የያዝኩ ያህል ነው» ትላለች። አማቷ የልብ ክፋት ነው ብለዋታል፤ አንዲት ዘመዷ ደግሞ እምነት ማነስ ነው ብላታለች። ሦስት ሳምንት ጠበል ተመላልሳለች። «እግዚአብሔር ጥሎኛል ወይ? ልጁን ለእናቴ ልስጣት?»

አልጣለሽም። ታመሻል፤ የሚታከም በሽታ ነው።

ከወለዱ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን የሚመጣ ዕንባ አለ፤ ብዙ አራስ ያገኛታል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም በራሱ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት አልፎ እንዳንቺ ወራት ሲቆይ ግን የድኅረ ወሊድ ድብርት ነው ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞን በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ይወርዳል፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ሲጨመሩበት ይብሳል። የደከመ ሰው ፋታ ሲያገኝ ይተኛል። አንቺ ግን ፋታ አግኝተሽም አልተኛሽም፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ መስመር ነው።

የልጅሽ የ14ኛው ሳምንት ክትባት ደርሷል። ክትባቱን ስታስወጊ የራስሽንም ጉዳይ አንሺ። «ደክሞኛል» ብቻ ካልሽ «አይዞሽ፣ በደንብ ብዪ» ብለው ይሸኙሻል። እንዲህ በዪ፦ «ልጁ ሲተኛም አልተኛም፤ ቀን ከሌት አለቅሳለሁ፤ ልጄን ሳቅፍ ምንም አይሰማኝም»። ደምሽንና የእንቅርት ዕጢሽን እንዲመረምሩ፣ ወደ አእምሮ ሕክምናም እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም አለልሽ። መድኃኒት ከታዘዘልሽ እንደምታጠቢ ተናገሪ፤ ጡት ሳያስጥሉ የሚወሰዱ አሉ። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ መጣልና ሲሻል በአንድ ቀን ማቆም ብዙዎችን መልሰው የሚጥሉ ስሕተቶች ናቸው።

ጠበሉን ተዪ ያለሽ የለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንደሚሄድ በአደባባይ ተናግረዋል፤ የድብርት መድኃኒት ከዚያ በምን ይለያል? ጠበል ቦታ በባዶ ሆድ ስትቆሚ እንዳትውዪ ብቻ። ሕፃኑንም ይረጩት እንጂ አታጠጪው፤ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አይገባውም።

አሁን ለአማትሽ ሥራ ስጪያቸው። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ልጁ እሳቸው ጋ ይደር፤ አንቺ በሌላ ክፍል ተኚ። ከመተኛትሽ በፊት ጡትሽን በንጹሕ ዕቃ አልቢ፤ ፍሪጅ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፣ በግንቦት ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በኩባያና በማንኪያ ያጠጡት፤ ጡጦ አያስፈልግም። ልጁን ለእናትሽ ስለመስጠት ያነሣሽውን ሳትድኚ አትወስኚው።

ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ለቀናት ጭራሽ እንቅልፍ ካጣሽ ክትባት አትጠብቂ። የዚያኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው አስከትለሽ ሆስፒታል ሂጂ፤ እስከዚያው ከልጁ ጋር ብቻሽን አትሁኚ። ይህን ባልሽም ያንብበው።

ስለ መጣል ካነሣሽ አጋርን አስቢያት። ልጇን ከቁጥቋጦ በታች ጥላ «ልጁ ሲሞት አልየው» ብላ ራቅ ብላ ተቀመጠች (ዘፍ. 21)። መልአኩ «እንዴት ያለሽ እናት ነሽ?» አላላትም። «አጋር ሆይ፥ ምን ሆንሽ?» ነው ያላት፤ ከዚያም ዓይኗ ተከፍቶ የውኃ ጉድጓድ አየች። አንቺንም በቅድሚያ «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የጎደለሽ፤ ይህን መጠየቅ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው።

«ጎረቤቴ ቲክቶክ ላይ ልጆቿን ነጭ በነጭ አልብሳ ድፎ ስትቆርስ ሳያት…»

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ነው፤ የቀረውን 23 ሰዓት ከ59 ደቂቃ አላየሽም። ዝጊው።

ገበያ ላይ አትክልት የምትሸጥ እናት። ማታ ደክሟት ስትገባ የስምንት ዓመት ልጇን በማማሰያ መታችው፤ ክንዱ አብጧል። «ድካም ነው ብዬ ልለፈው?»

አይደለም። ከላይ ላለችው «በሽታ ነው» ያልኩት እጄ ለሁሉም «አይዞሽ» አይጽፍም። ይኸኛው በደል ነው፤ በደል ደግሞ መውጫው የታወቀ ነው።

ጣና ላይ በጓንጉት ገዳሟ ያለው ክርስቶስ ሠምራ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሏ እንደሚለው አገልጋይዋን ተቆጥታ የእሳት ትንታግ አፏ ውስጥ ከተተችባትና ገደለቻት፤ አልቅሳ ለምና ተነሣችላት፤ ከዚያ ዓለምን ትታ መነነች። ቤተ ክርስቲያን ይህን የቁጣ ታሪክ ከገድሏ አልፋቀችውም። አንቺ ዓለምን መተው አይጠበቅብሽም፤ ማማሰያውን እንጂ።

መጀመሪያ ክንዱን አስመርምሪ፤ ጣቱን ማንቀሳቀስ ከቸገረው ወይም እብጠቱ በማግስቱም ካልጎደለ ራጅ ያስፈልገዋል። ምን እንደሆነም ለሐኪሙ አትዋሺ። ቀጥሎ ይቅርታ። ቁጭ በዪና ዓይንሽ ከዓይኑ ትክክል ይሁን፤ ያደረግሽውን በስሙ ጥሪው፦ «በማማሰያ መታሁህ፤ ልመታህ አይገባም ነበር»። «አንተም እኮ» የሚል ነገር ከገባበት ይቅርታው ፈረሰ። ከረሜላም አትጨምሪበት። ወዲያው ካልሳቀልሽ ጠብቂ። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ።

ቁጣው የሚመጣበትን ሰዓት ግን እዪው። ከገበያ ስትገቢ አንቺም እሱም ርቧችኋል፤ ጠቡ የሚነሣው እራት እስኪደርስ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ቆሎ ወይም የተቀቀለ ድንች ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ደብተሩን የምታዪው ከእራት በኋላ ይሁን። እጅሽ ሲነሣ ከተሰማሽ ወደ በረንዳ ውጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ተመለሺ። እንዲህም ሆኖ ከተደገመ ይቅርታና ንስሐ ብቻውን አይበቃሽምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

አንዲት አያት። ልጃቸው ቤይሩት ናት፤ የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። እናትየዋ በኢሞ በደወለች ቁጥር «ልጅ ጥዬ የሄድኩ ምን እናት ነኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ሕፃኗም አብራ ታለቅሳለች።

እናቴ፣ የሚደወልበትን ቀንና ሰዓት ቁርጥ ያድርጉት፤ ከመኝታ በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። «እናትሽን ትወጃታለሽ?» ብለው አይጠይቋት፤ ሕፃን በስልክ እንዲህ ዓይነት ፈተና አትወድም። ይልቅ ሁለቱ አንድ ነገር አብረው ይሥሩ፦ አባታችን ሆይን ይበሉ፣ የተሣለ ሥዕል ትታይ። ሐና ሳሙኤልን ቤተ መቅደስ ትታ ስትመለስ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2)፤ ልኩን በሩቅ እያሰበች መሆን አለበት። እርስዎም በየሦስት ወሩ ሕፃኗን ወረቀት ላይ አቁመው እግሯን በእርሳስ ዙሪያውን ይሣሉና ርዝመቱን በሳንቲሜትር ለክተው ይላኩላት፤ ጫማ ስትገዛ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ትጨምርበታለች። ልቅሶው የግድ ከመጣ አዋቂዎቹ ሕፃኗ ከተኛች በኋላ ያልቅሱ።

«ልጄ ከዳነ ጣና ላይ ያለው ገዳም ክብራን ገብርኤል እሄዳለሁ ብዬ ተሳልኩ፤ ሴት አይገባም አሉኝ። ስእለቴ ተበላሸ?»

አልተበላሸም። ስእለቱን በባልሽ ወይም በወንድምሽ እጅ ላኪ፤ ራስሽ መሄድ ከፈለግሽ ሴቶች የሚገቡበት እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፣ ጀልባውም ብዙ ጊዜ ሁለቱን አያይዞ ይወስዳል። ልጁን ይዘሽ ከሄድሽ ጠዋት ሐይቁ ሳይነሣ ተሳፈሪ፤ በልኩ የሆነ የዋና ጃኬት መኖሩን ደግሞ ሂሳብ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።