የባንዱ ስም የማን ነው?

ለጊታር ልጆች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «የስታተስ ኩዎን የጊታር ድምፅ ለማግኘት የትኛውን ፔዳል (የጊታር ድምፅ መለወጫ) ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ምንም አትግዛ። ጥያቄው ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስንቱ ወጣት ስለዚህ የእንግሊዝ ባንድ ሲጠይቀኝ ስለ ክር፣ ስለ ኮርድ፣ ስለ አምፕሊፋየር አስረድቼ ሸኝቻለሁ። ከ1962 ጀምሮ የዘለቀው ባንድ መሀል ላይ በምን ሰበብ ሊፈርስ እንደደረሰ ግን አንስቼላቸው አላውቅም። እነዚያ ልጆች ያቋቋሟቸው ባንዶች ዛሬ የሉም፤ የፈረሱትም ኮርድ ጠፍቷቸው አይደለም። ስለዚህ የድምፁን ነገር ቶሎ ልጨርስና ወደ ሌላው ልሂድ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የባንዱ ጊታሪስቶች የፍራንሲስ ሮሲ አረንጓዴ ቴሌካስተርና የሪክ ፓርፊት ነጭ ቴሌካስተር (የኤሌክትሪክ ጊታር ዓይነት ነው) ያን ድምፅ የሰጡት ከቀኝ እጅ ነው። በኤ ቃና ሞክሩት። አምስተኛውን ክር ክፍቱን ተዉት። አራተኛውን ክር 2ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ በሌባ ጣት ያዙ። ሁለቱን ክሮች ብቻ፣ ፒኩን ሁልጊዜ ወደ ታች እየጣላችሁ ሁለት ጊዜ ምቱ። ከዚያ የቀለበት ጣታችሁን በዚያው በአራተኛው ክር 4ኛው ፍሬት ላይ ጨምሩና ሁለት ጊዜ ምቱ፤ አንሱት። ሌባ ጣት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ለዲ ይኸንኑ በአራተኛውና በሦስተኛው ክር፣ ለኢ በስድስተኛውና በአምስተኛው ክር ሥሩ። 4 ባር (ባለአራት ምት ክፍል) በኤ፣ 2 በዲ፣ 2 በኤ፣ 1 በኢ፣ 1 በዲ፣ 2 በኤ፤ 12 ባር ሞላ። በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

አስቸጋሪው ምቱ ነው። እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ይመታል፣ መሀለኛው ዝም ይላል። በችክችካ ያደገ ጆሮ ሦስትዮሹን ወዲያው ይይዘዋል፤ ክብደቱን ግን የተለመደበት ቦታ ላይ እንዳይጥለው ይጠንቀቅ፣ እዚህ አራቱም ምቶች እኩል ይረገጣሉ። ሲበላሽ የምሰማው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የአምፕሊፋየሩን ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረውን ቁልፍ) 8 እና 9 ላይ መስቀል ነው፤ ሁለቱ ክሮች ተጣብቀው ጭቃ ይሆናሉ፣ ከ4 እና 5 አይለፍ። ሌላው ክሩን የሚያፍነው የመዳፍ ጠርዝ ከብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ ከሚያርፉበት) ርቆ ወደ መሀል ሲመጣ ነው፤ ያኔ ቃናው ይሞትና «ድብ ድብ» ብቻ ይቀራል። ሦስተኛው ሁለቱም ጊታሪስቶች አንድ ቦታ ሲጫወቱ ነው። አንዳችሁ ክፍቱን ኤ ስትይዙ ሌላችሁ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) 5ኛው ፍሬት ላይ አድርጋችሁ በኢ ቅርጽ ግቡ። ቃናው ያው ኤ ነው፣ ግን ሁለት ጊታር ሆኖ ይሰማል።

ዛሬ ልምምድ ሳትጀምሩ ሎጎ ታሠራላችሁ፣ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ድሮ ቢሆን እቆጣ ነበር። አሁን ግን ሎጎው የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ይበቃኛል።

ስታተስ ኩዎ የተጀመረው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ካትፎርድ ውስጥ ነው። ሮሲና አለን ላንካስተር በትምህርት ቤት ኦርኬስትራ የተገናኙ የ13 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሮሲ ጊታር፣ ላንካስተር ቤዝ ያዙ፤ ከበሮው ላይ ጆን ኮግላን መጣ። ስማቸው መጀመሪያ ስኮርፒየንስ፣ ቀጥሎ ስፔክተርስ፣ ቀጥሎ ትራፊክ ጃም ነበር። ትራፊክ የሚባል ሌላ ባንድ ገኖ ስለነበር ያንንም ጣሉት። በ1965 በማይንሄድ የበጋ መዝናኛ ካምፕ ሲሠሩ የተዋወቁት ፓርፊት በ1967 ገባ፤ የዛሬው ስምም ያኔ ወጣ። ትርጉሙ «ባለበት» እንደማለት ነው፤ ሦስት ኮርድ ላይ ለኖረ ባንድ ከዚህ የተሻለ ስም ቢፈለግም አይገኝም። ራሳቸውም ያውቁታል፣ በ2007 ያወጡትን አልበም «አራተኛውን ኮርድ ፍለጋ» ብለውታል።

በ1968 አንድ ዘፈናቸው በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 7ኛ ደረጃ ደረሰ። የሳቲን ሸሚዝ ለብሰው በዘመኑ ፋሽን የሠሩት ነበር። ያንን የሚመስል ሌላ ለማምጣት ቢሞክሩ እንደፊተኛው አልሆነላቸውም። በ1970 ሳቲኑን ጥለው ጂንስና ካናቴራ ለበሱ፣ ከላይ ያሳየኋችሁን ምት፣ ቡጊውን፣ ያዙ። ኦርጋኒስቱ ሮይ ላይንስ በዚያው ዓመት ወደ ስኮትላንድ በሚሄድ ባቡር ላይ ሳሉ ስቶክ ኦን ትሬንት ጣቢያ ወርዶ ቀረ። ጠብ የለ፣ ስብሰባ የለ፤ ባቡሩ ቆመ፣ ሰውየው ወረደ። ከዚያ በ1972 ቨርቲጎ ወደሚባለው አሳታሚ ተሻገሩ፤ በጥር 1975 ደግሞ የሰንጠረዡን አናት ያዙ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ።

ስንጥቁን ቀድሞ ያሳየው አንድ አሻንጉሊት ነው። በ1977 ለትልቁ ዘፈናቸው ቪዲዮ ሲቀረጽ ላንካስተር አውስትራሊያ ነበር። ቀረጻውን ማዘግየት አልፈለጉም። ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ቤዝ አንግተው በእሱ ቦታ አቆሙና እየጎተቱ አወዛወዙት። ዛሬም ቪዲዮውን ብታዩት ታገኙታላችሁ። ሰው እንደ ቀልድ ይስቅበታል። እኔ ሳየው ግን የሚታየኝ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ በሌለበት የባንዱ ሥራ ሊቀጥል እንደሚችል ሁሉም የተማሩበት ቀን ነው።

በ1981 ኮግላን ወጣ። በ1983 ሮሲ ለስለስ ያለ፣ ሰርግ ቤት የሚዘፈን የሚመስል ነገር ይዞ መጣ። ላንካስተር አልወደደውም፤ ይህ የእኛ ሙዚቃ አይደለም አለ። ለቴሌቪዥን ሲቀርቡም እሱ አልተገኘም፣ በቦታው ቤዝ የያዘው የስሌድ ባንዱ ጂም ሊ ነበር። ዘፈኑ ተሸጠ። ይህን ልብ በሉልኝ። ላንካስተር በሙዚቃው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔም በእሱ ወገን ነኝ፤ ግን ማን ምን እንደሚወስን የተጻፈ ነገር ከሌለ የሚወስነው ሽያጩ ነው። በ1984 የስንብት ጉዞ ብለው ዞሩ፤ ሐምሌ ላይ ሚልተን ኪንስ ከተማ ባለው ሜዳ ተሰነባበቱ።

ቀጥሎ የመጣው ለእኛ ሰው ቅርብ ነው። በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ወገናችን በረሃብ በሚረግፍበት ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ እርዳታ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ድግስ ተዘጋጀ። ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ልክ በቀትር መድረኩን የከፈተው ስታተስ ኩዎ ነው። ሮሲ ተለያይተናል፣ አልተለማመድንም ብሎ አንገራግሮ ነበር፤ አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ ግን አልለቀቀውም። ወጡ፣ ሦስት ዘፈን ተጫወቱ፣ ወረዱ። ከፊት ሆኖ የሚያይ ሰው የማይነጣጠሉ ወንድማማቾች ነው የሚላቸው። ለላንካስተር ግን እስከ 2013 ድረስ ከባንዱ ጋር የመጨረሻው መድረክ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ሮሲና ፓርፊት በዚያው ስም አዲስ አልበም ጀመሩ። ላንካስተር እንግሊዝ አልነበረም። ሲሰማ በፍርድ ቤት ሊያግዳቸው ተነሳ። አስቡት፤ በ13 ዓመታቸው ያቋቋሙትን ነገር በ36 ዓመታቸው በጠበቃ ሲካፈሉ። በ1986 መጀመሪያ ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙና ስሙ ለሮሲና ለፓርፊት ቀረ። አዲስ ቤዝና አዲስ ከበሮ ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዘፈን በእንግሊዝ 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

ድምፃችሁን አትለውጡ ብዬ ልመክራችሁ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያ የ1986 ዘፈን ሲንተሳይዘር የበዛበት፣ ቡጊ የሌለበት ነው። ባንዱንም ያን ጊዜ ከውድቀት ያዳነው እሱ ነው። ስለዚህ ምክሩን ልተወው። ብቻ ለውጡን አራታችሁም ተስማምታችሁበት ከሆነ ለውጡ፣ ካልሆነ አንዱ ከባቡር ይወርዳል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? አንደኛ፣ ስሙ የማን እንደሆነ። የሁላችሁም ከሆነ አንድ ሰው ሲወጣ ድርሻው በምን ሒሳብ እንደሚገዛ፣ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የወጣውም ሰው «የቀድሞ የእገሌ ባንድ አባል» እያለ ማስተዋወቅ ይችል እንደሆነ ጻፉ። ከአራት ሁለት ሁለት ብትከፈሉ ማን ያሸንፋል? እኩል ድምፅ ሲመጣ የሚፈታበትን መንገድ አስቀምጡ፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በጋራ ገንዘብ የተገዛውን ሚክሰርና ስፒከር በዝርዝር መዝግቡ፣ ዕዳውንም ጨምራችሁ። እኛ ዘንድ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ዓመቱ በእኛ ነው) አለ፤ የባንድ ስምም አገልግሎት የሚታወቅበት ምልክት ነውና ማመልከቻው በማን ስም እንደሚገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ «እኔ ሄጄ ላስመዝግብ» ሲል ደስ ብሏችሁ ዝም አትበሉ።

ሁለተኛው የዘፈኑ ነው። የመድረክ ክፍያና የደራሲነት ገንዘብ የተለያዩ ናቸው። በእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህም ዓመት በእኛ ነው) የደራሲውንና የከዋኙን መብት ለያይቶ ነው ያስቀመጠው። አራት ሆናችሁ ተጫውታችሁ ወጪ ከተነሳ በኋላ 80,000 ብር ቢተርፍ ለእያንዳንዱ 20,000 ይደርሳል። ዘፈኑን የጻፉት ሁለት ከሆኑ ግን ከደራሲነት የሚመጣው ለሁለቱ ነው፤ ከበሮ መቺው ላቡን ስላፈሰሰ አይጨመርለትም። ስታተስ ኩዎን ዓለም የሚያውቀው፣ ላይቭ ኤይድንም የከፈቱበት ያ ባለአሻንጉሊቱ ዘፈን የአሜሪካዊው የጆን ፎገርቲ ድርሰት ነው። የ1986ቱም የሆላንዶቹ የቦላንድ ወንድማማቾች ነው። በሌላ በኩል ከምርጥ ዘፈኖቻቸው በርካታውን ከሮሲ ጋር የጻፈው ቦብ ያንግ የጉዞ አስተዳዳሪያቸውና ሃርሞኒካ ነፊ ነበር። ዕቃ ጫኙ ግጥም ካመጣ ስሙ ይጻፍ። ግጥሙ ባለቀበት ማታ፣ ቀኑና ፐርሰንቱ ተጽፎ፣ የነበራችሁት ሁሉ ፈርሙበት። ከተቀረጸ በኋላ ሁሉም ሰው «ያቺን መግቢያ እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት» ይላል።

ስለ ጤና፣ ስለ መጠጥ፣ ሰዓት ስለማክበር አልጽፍም፤ ይህን ከእናቶቻችሁ ሰምታችኋል።

ባንዱ ከዚያም ብዙ ሄደ። በመስከረም 1991 በ12 ሰዓት ውስጥ ሼፊልድ፣ ግላስጎው፣ በርሚንግሃምና ዌምብሌይ፣ በአራት አዳራሽ ተጫወቱ። እንደ ሥራ ሳስበው ያስቀናኛል፤ አራት መድረክ፣ አራት ሳውንድ ቼክ! በ1996 ደግሞ የቢቢሲ ሬዲዮ 1 ዘፈናችንን አላጫወተም ብለው ከሰሱ፣ ተሸነፉም። ዛሬ ክሊፓችንን አልጎሪዝሙ ደበቀብን እያላችሁ ስታማርሩ ያ ክስ ትዝ ይለኛል፤ ተደማጭነትን በፍርድ ቤት ያገኘ እስካሁን አላየሁም።

በ2013 እና በ2014 ሮሲ፣ ፓርፊት፣ ላንካስተርና ኮግላን እንደገና አብረው ወጡ። ላንካስተር በሕመም ደክሞ ነበር፤ ቆሞ ዘፈነ፣ ተጫወተ። በ2013 ሲገናኙ ከላይቭ ኤይድ ወዲህ 28 ዓመት አልፎ ነበር። የመጨረሻው ትርኢት በሚያዝያ 2014 ደብሊን ነበር። ፓርፊት በ2016 በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ላንካስተር በ2021 ሲድኒ ውስጥ አረፉ። ባንዱን ከዚያ ወዲህ ይዞ የሚዞረው ሮሲ ነው።

የፔዳሉን ለጠየቅኸኝ፣ ገንዘቡን ለክር አድርገው። ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሆነውን ጥቅል ግዛ፤ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚመታ እጅ ቀጭን ክር ይበጥሳል። ለትርኢት ከሆነ በዋዜማው ቀይረው፣ እያንዳንዱን ክር በጣትህ ከፍሬት ሰሌዳው እያነሳህ ሳብ አድርገው፣ ቃኝ፤ እንደገና ሳበው፣ ቃኝ። ሦስተኛው ክር ከቅኝቱ ቶሎ ስለሚሸሽ በየሁለት ዘፈኑ እየው።