የቫይታሚን ዲ ተቀባይ ጂን ምርመራ ለእናትሽ ጉልበት ይጠቅማል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ይኖራሉ፣ ስልሳን አልፈዋል፣ ደረጃ ሲወርዱና ከተቀመጡበት ሲነሱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሐኪም የመገጣጠሚያ መበላት ነው ብሏቸዋል። ውጭ ያለው ወንድምሽ ደግሞ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ ጂን ምርመራ እናሰራላቸው፣ እኛ ሐበሾች ላይ የተለየ ነው ብሎሻል። እኔ እዚሁ ድሬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ብሩን ለዚያ አታውጡት።

ተቀባዩ ፕሮቲን ነው። ቫይታሚን ዲ ሴል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ከእሱ ጋር ተጣብቆ ነው። ጂኑ 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት አራት ልዩነቶችን ነው፤ ፎክ ዋን፣ ቢኤስኤም ዋን፣ አፓ ዋን፣ ታቅ ዋን ይባላሉ። ፕሮቲኑን ራሱን የሚለውጠው ፎክ ዋን ብቻ ነው፤ አንዱ ዓይነት 427 አሚኖ አሲድ፣ ሌላው 424 ይኖረዋል። ሌሎቹ ሦስቱ ፕሮቲኑን የማይለውጡ፣ የጂኑን ዓይነት ለመለየት የሚያገለግሉ ምልክቶች ብቻ ናቸው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ከሮተርዳም፣ ኔዘርላንድ የወጣ ጥናት በእነዚህ ምልክቶችና በጉልበት መበላት መካከል ዝምድና አገኘ። ግን እዚያው አጠገብ የልምልም አጥንትን (መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አካል) ዋና ፕሮቲን፣ ኮላጅንን፣ የሚሠራ ሌላ ጂን አለ፤ ኮል ቱ ኤ ዋን ይባላል። ምልክቱ የየትኛው ጂን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ሕዝቦች የተሠሩት ጥናቶችም እርስ በርስ አልተስማሙም። ይህ አይገርመኝም። የቢኤስኤም ዋን አንደኛው ዓይነት በአውሮፓውያን ዘንድ 40 በመቶ ገደማ ነው፤ በጃፓንና በቻይና ከ10 በመቶ በታች። ሮተርዳም ላይ አደጋ የጠቆመ ምልክት እኛ ዘንድ ምንም ላይናገር ይችላል።

በ2021 እ.ኤ.አ. 826,690 ሰዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ከመገጣጠሚያ መበላት ጋር የተያያዙ 100 የጂን ልዩነቶችን ለየ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አውሮፓውያን ነበሩ። ይሄ ያናድደኛል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው በአንድ ግቢ በሚኖርባት ከተማችን፣ ከሌላ ሕዝብ በተገኘ ቁጥር የእናትሽን ጉልበት መተንበይ ልክ አይደለም።

"ድሬ ላይ ፀሐይ እያለ ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሳል?" ላልሽው፣ ሊያንስ ይችላል። ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባዋል፣ ልብስ ቆዳን ይሸፍናል፣ በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃን ደግሞ ቫይታሚን ዲ እንዲመረት አያደርግም። ጥቁር ቆዳም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪም ካዘዘ መጠኑን በደም አስለኩ፤ ካነሰ ይታከማል፣ ለአጥንት ይጠቅማል። ጉልበቱን ያድናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። አውስትራሊያ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ላነሳቸው 413 ሰዎች ለሁለት ዓመት በየወሩ 50,000 ዩኒት ወይም ማስመሰያ ኪኒን ተሰጥቶ ነበር። በልምልም አጥንቱም በሕመሙም ልዩነት አልታየም። ያለ ትዕዛዝ የቫይታሚን ዲ መርፌ መደጋገም ደግሞ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል።

ወደ ሚጠቅመው ልምጣ። ከእኔ ጋር የሠሩ እናቶች፣ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎችም ጭምር፣ ለውጥ ያዩት የጭናቸው ጡንቻ ሲጠነክር ነው። እናትሽ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ። አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ቆጥረው ቀስ ብለው ያውርዱ። አስር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላውን። ሲለምዱት ከወንበሩ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ይጨምሩ። መጠነኛ ሕመም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ካባሰባቸው ቁጥሩን ቀንሱ እንጂ አታቁሙት። ቢያንስ ሦስት ወር ታገሡ።

በርጩማውን አቦ አንሱባቸው! ቡና ሲያፈሉ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ልብስ ሲያጥቡ ጉልበታቸው ሙሉ ለሙሉ ታጥፎ ነው የሚቆየው። ምጣዱም ሳፋውም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ሐረር ዘመድ ቤት ሲሄዱ ነደባው (የሐረሪ ቤት ከፍ ያለ መደብ) ላይ እግራቸውን አጥፈው ሳይሆን ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች ይልቀቁ። ሲያማቸው ተቀምጠው መስገድ እንደሚችሉም ሼኹም ቄሱም ይነግሯችኋል።

ክብደት ካላቸው ትንሽ መቀነሱም ዋጋ አለው። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ መዋጡን ተዉት፣ በተለይ ደም ግፊት ወይም ጨጓራ ካለባቸው። የሚቀባው ጄል ይሻላል። ጉልበቱ ድንገት ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂያቸው።

ኤክስሬይ ድጋሚ ካስነሳችሁ ቆመው ይሁን፤ ተኝተው ኤክስሬይ ሲነሱ የአጥንቶቹ መቀራረብ በደንብ አይታይም።