ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት ስለ መውጫው ይጠይቁ

«እህቴ ለሳምንታት በሰው ሠራሽ መተንፈሻ መሣሪያ ከቆየች በኋላ የአየር ቧንቧዋ ጠበበ፤ ስቴንት ይግባላት ተብሏል፤ በእርግጥ ይሠራል?» ብለው ለጠየቁት፦ አዎ፣ ይሠራል። ስቴንት የጠበበውን ቧንቧ ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ አጭር ቱቦ ነው። እኔም በተመሳሳይ ምክንያት 14 ወር በሲሊኮን ስቴንት ተንፍሻለሁ።

ከመግባቱ በፊት ልብስ ስቀይር እንኳ ትንፋሼ ያፏጭ ነበር። የቧንቧዬ ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ከሰመመን ስነቃ አየሩ ሳይታገል ሲገባ ተሰማኝና አለቀስኩ። ለወራት ተደግፌ እያንቀላፋሁ ያደርኩ ሰው በዚያ ሌሊት ተጋድሜ ተኛሁ። የጥቂት ሚሊ ሜትር ለውጥ እንዲህ መሆኑ አይግረምዎ፤ ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ አየሩን የሚገታው ጫና 16 እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል።

ሆኖም ስቴንት ጠባሳውን ከፍቶ ይይዛል እንጂ አያድንም። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ስለሚሸፍን አክታው እዚያው ይጋገራል። የጨው ውሃ ፈሳሽን ወደ ጉም በሚቀይር መሣሪያ (ኔቡላይዘር) ጠዋትና ማታ መሳብ ነበረብኝ። አንድ ሳምንት ቸል አልኩና ትንፋሽ አጥሮኝ በሌሊት ለብሮንኮስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ቧንቧውን ማየትና ማጽዳት) ተወሰድኩ። በስቴንቱ ጫፍ የበቀለ ሥጋም ሁለት ጊዜ ተጠርጎልኛል። ከቦታው የሚንሸራተትበትም ሰው አለ።

አጥብቄ የምለምንዎ ግን ስለ ዓይነቱ እንዲጠይቁ ነው። ካንሰር ቧንቧውን ለዘጋበት ሰው የብረት ስቴንት ፈጣን እፎይታ ነው። እንደ እህትዎ ላለ ጠባሳ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሥጋ በብረት ስቴንቱ መረብ ውስጥ በቅሎ ስለሚይዘው ማውጣቱ እጅግ ከባድ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2005 ካንሰር ላልሆነ ችግር የብረት ስቴንት ሌላው አማራጭ ሁሉ ከታየ በኋላ ብቻ እንዲታሰብ አስጠንቅቋል። ሲሊኮን ሙሉ ሰመመንና ቀጥ ያለ፣ የማይታጠፍ የብሮንኮስኮፒ ቱቦ ቢፈልግም ይወጣል።

የእኔም ወጣ። ሰውነቴ ከጽኑ ሕመሙ እስኪያገግም ድረስ አሻገረኝ፤ ከዚያ የጠበበው ክፍል ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ተሰፋ። ይህ ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አይሆንም፤ የጠባሳው ርዝመትና ቦታ ይወስነዋል። ስቴንቱ ራሱ ጠባሳውን ሊያረዝመው ስለሚችል፣ ከመግባቱ በፊት የአየር ቧንቧ ቆርጦ የመስፋት ልምድ ያለው የደረት ቀዶ ሐኪም የቧንቧዋን ምስል ይይላት። ከገባላት ደግሞ ዓይነቱና መጠኑ የተጻፈበት ካርድ ከእጇ አይለይ፤ በድንገተኛ ክፍል ቱቦ የሚያስገባላት ሐኪም ስቴንት እንዳለ ካላወቀ ሊገፋው ይችላል።

ጠባሳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና ከድምፅ አውታሯ ምን ያህል እንደሚርቅ ነግረዋችኋል?