«ያዛቡታል» ወይስ «ያዘነብሉታል»?

ጥያቄ፦ ፈጣን የኤሌክትሪክ ሲግናል ስለሚመዘግቡ የኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን ስክሪን ላይ እየሣለ የሚያሳይ መሣሪያ) ቱቦዎች ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «ሁለቱ ፕሌቶች የኤሌክትሮኑን ጨረር ያዛቡታል» ብዬ ጻፍሁ፤ አራሚዬ «ያጥፉታል» አደረገው። ማንኛችን ትክክል ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልሆነላችሁም። «ታጠፈ» ጥግ ይፈልጋል፤ የሚታጠፈው ወረቀት ነው፣ ጉልበት ነው። ኤሌክትሮኑ ግን ሲግናሉ በሚሰጣቸው ፕሌቶች (የብረት ሰሌዳዎች) መካከል ሳለ ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ከወጣ በኋላ ዘመም ባለ ቀጥታ መስመር ይሄዳል። ስለዚህ «አዘነበለ»ን እመርጣለሁ። ግሡ ያለ ተሳቢም («ሚዛኑ አዘነበለ»)፣ ከተሳቢ ጋርም («እንስራውን አዘነበለችው») ይነገራልና «ጨረሩን ያዘነብሉታል» ብለው ተሳቢውን በግልጽ ያስገቡ። ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ርቀት «ነጥቧ 2 ሴንቲሜትር ፈቀቅ አለች» ይበቃል።

«አዛባ» የባሰው በዚሁ ሙያ ሌላ ሥራ ስላለው ነው። በ2,000 ቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን በሰከንድ 26.5 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 4 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ፕሌት ለማለፍ 1.5 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይፈጅበታል። ሲግናሉ በዚያው ጊዜ አንድ ሙሉ ዙር ከጨረሰ፣ ማለትም 660 ሜጋኸርትዝ (በሰከንድ 660 ሚሊዮን ዙር) ግድም ሲደርስ፣ ወደ ላይ የገፋውን ያህል ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ጨረሩም ሳያዘነብል ይወጣል። በግማሹ፣ በ330 ሜጋኸርትዝ እንኳ፣ ዝንባሌው ከሚገባው 64 በመቶ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ መነሣት የነበረበት የሲግናል ግንባር ተዳፋት ሆኖ ይሳላል። መዛባት ማለት ይህ ነው፤ የሚዛባውም ሲግናሉ እንጂ ጨረሩ አይደለም።

ይህን ለማስቀረት የሚያፋጥነውን ቮልት 8,000 ቢያደርጉት የኤሌክትሮኑ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፣ ዝንባሌው ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ፕሌቱን ማሳጠርም ዝንባሌ ያስከፍላል። ስለዚህ ቱቦ ሠሪዎች ፕሌቱን ይከፋፍሉት ነበር፦ በምሳሌያችን እያንዳንዳቸው 4 ሚሊሜትር የሆኑ 10 ቁራጮች ቢሆኑ፣ ሲግናሉ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በ0.15 ናኖሰከንድ ልዩነት ይደርሳል፤ ከኤሌክትሮኑ ጋር እኩል ይራመዳል። ጨረሩን የሚያደምቀው ከፍተኛ ቮልት ደግሞ ከፕሌቶቹ በኋላ፣ ካዘነበለ ወዲያ ይሰጣል።

ለእነዚህ ቁራጮች ሲግናሉን በየተራ ለሚያደርሰው መስመር «አቆየ» አይበሉ፤ ያዝ አድርጎ ማስቀመጥን ያስመስላል። «አዘገየ» ነው ልኩ፤ ሲግናሉ መንገድ ላይ ነውና።