ጋርድ ለማለፍ የምትቸኩሉ ልጆች

ልጆቼ፣ ብራዚላዊ ጂዩ-ጂትሱ ስትታገሉ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ተጋጣሚያችሁ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ከፍቶ ሲጠብቃችሁ (ጋርድ የምንለው ይህን ነው፤ ማለፍ ማለት እግሮቹን አልፎ ከጎኑ መያዝ ነው)፣ እናንተ ወዲያው በጎኑ ዞራችሁ ለማለፍ ትሮጣላችሁ። እጁ ግን እጅጌያችሁን እንደጨበጠ ነው። ታዲያ የት ልትደርሱ?

መጀመሪያ ግሪፑን፣ ማለትም ጭብጡን፣ አስለቅቁ። ኦፕን ጋርድ ላይ እግሮቹ ወገባችሁ ላይ አልተቆለፉም፣ ስለዚህ የሚቆጣጠራችሁ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ነው። ስፓይደር ጋርድ ከሆነ ሁለቱንም እጅጌያችሁን ይዞ እግሮቹን ክንዳችሁ ላይ ይተክላል። ዴ ላ ሂቫ ከሆነ ደግሞ ፊት ያለውን እግራችሁን ከውጭ በኩል በእግሩ ጠምጥሞ ተረከዛችሁን ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ወደፊት መግፋት ስዊፕ (ከሥር ሆኖ ገልብጧችሁ ከላይ መውጣት) በእጁ እንደመስጠት ነው። አንድ እጁ ኮሌታችሁን እንደያዘ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ አስለቅቁት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ጋርድ የማለፍ ግማሹ እዚህ ያልቃል ባይ ነኝ።

ከዚያ ዳሌው። ብዙዎቻችሁ ዓይናችሁ እግሩ ላይ ብቻ ነው፤ ዳሌው ነፃ እስከሆነ ድረስ ግን እግሮቹን የቱንም ያህል ወደ ጎን ብትወረውሯቸው መልሶ መሃል ያስገባቸዋል። ቶሪያንዶ የሚባለውን ማለፊያ ስትሠሩ ሱሪውን ጉልበቱ አካባቢ ይዛችሁ እግሮቹን ገፍታችሁ ከዞራችሁ በኋላ ቆማችሁ አትዩት፣ ትከሻችሁን ወዲያው አሳርፉበት። ኒ ከት በሚባለው ማለፊያ ላይ ደግሞ ጉልበታችሁ ጭኑን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ራቅ ባለው ብብቱ ሥር ክንዳችሁን አስገቡ። እናንተ ካልቀደማችሁ እሱ በእናንተ ብብት ሥር ገብቶ ከኋላችሁ ዞሮ ጀርባችሁን ይይዛል።

እጆቻችሁንም ጠብቁ። አንዱ በእግሮቹ መሃል፣ ሌላው ውጭ ከሆነ ትራያንግል (አንገትንና አንድ ክንድን በእግር ቆልፎ ማነቅ) ጠራችሁ ማለት ነው። ወይ ሁለቱም ውስጥ፣ ወይ ሁለቱም ውጭ።

ፈጣን ካልሆንን አንችልም የምትሉ ደግሞ የብራዚላዊውን ተወዳዳሪ የበርናርዶ ፋሪያን ውድድሮች ተመልከቱ። ከባድ ሰውነቱን በኦቨር አንደር (አንድ ክንድ ከአንዱ እግር በላይ፣ ሌላው ከሌላኛው እግር ሥር) እየጫነ፣ ቀስ እያለ፣ ስንቱን ጠንካራ ጋርድ አልፏል! ሌላው ብራዚላዊ ተወዳዳሪ ሌአንድሮ ሎ ደግሞ በእንቅስቃሴና በኒ ከት ያልፍ ነበር። ሰውነታችሁ የሚፈቅደውን ምረጡ፣ ከሌላውም አንድ ተማሩ፣ ምክንያቱም ተጋጣሚያችሁ ጫናውን ለመከላከል እግሩን ሲያስጠጋ ዙሪያው ይከፈታል፣ ዙሪያውን ሲጠብቅ ደግሞ ለጫና ይመቻል።

ካለፋችሁም በኋላ አትዝናኑ። በአይቢጄጄኤፍ (ዓለም አቀፉ የብራዚላዊ ጂዩ-ጂትሱ ፌዴሬሽን) ደንብ ጋርድ ማለፍ 3 ነጥብ ነው፣ ስዊፕ 2። ግን ካለፋችሁ በኋላ 3 ሰከንድ አጽንታችሁ ካልያዛችሁት ነጥቡ አይቆጠርም። ስለዚህ ልምምድ ላይ፣ ባልደረባችሁ ታለፍኩ ብሎ እጁን እንዳይሰጥ ንገሩት። እስከ መጨረሻው ለማምለጥ ይታገል፣ እናንተም ጭንቅላቱንና ዳሌውን ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ።