መልስ፦ በፊልም የምናያቸው ጥሩርና ሰይፍ እውነተኛ ብረት ናቸው ወይ?

ጤና ይስጥልኝ፤ «ተዋንያኑ ያን ሁሉ ብረት ተሸክመው እንዴት ይሮጣሉ? ወይስ ሁሉም በኮምፒውተር የተሠራ ነው?» ብለው ለጠየቁት የማውቀውን ላካፍልዎ። በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን፣ ሚራማር በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ዌታ ወርክሾፕ ለ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ያሰናዳው ጥሩር ጥያቄዎን በሚገባ ይመልሰዋል። በካሜራው ፊት የሚያብረቀርቀው የሰንሰለት ጥሩር በአብዛኛው ከፕላስቲክ ቧንቧ የተሠራ ነው፤ ሠራተኞቹ ቧንቧውን በስሱ እየቆራረጡ ቀለበት ካወጡለት በኋላ፣ እያንዳንዱን ቀለበት ከጎኑ ካሉት ጋር በእጃቸው አያይዘው፣ ብረት እንዲመስል ብርማ ሽፋን አልብሰውታል። ቀለበቶቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ይነገራል፤ ያን ሁሉ በጣት ማያያዝ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል።

ሰይፉም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ካሜራው ቀርቦ ለሚያነሣው ከብረት፣ ለፍልሚያው ከቀላል አሉሚኒየም፣ ለአደገኛ ትዕይንትና ከኋላ ለሚቆሙት አጃቢዎች ደግሞ ከጎማ መሰል ፕላስቲክ ይሠራል።

ስለ ኮምፒውተሩ የገመቱትም ስሕተት አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠረውን ሠራዊት ያንቀሳቀሰው «ማሲቭ» የተባለው ሶፍትዌር ነው። ሚናስ ቲሪት የተባለችው ባለ ነጭ ግንብ ከተማ ግን በዋናነት ከታሰበላት መጠን 72 ጊዜ አንሳ በእጅ የተሠራች ትልቅ ሞዴል ነች፤ ግንቡ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያን ያህል እውነተኛ ሆኖ የሚታየንም በእኔ እምነት ከዚህ የተነሣ ነው።