ከስንዝር የማይበልጥ ሻርክ አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ነኝ፣ ዓሣ አስጋሪ። ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ በሆዱ የሚያበራ፣ ከስንዝር የማይበልጥ ሻርክ አለ ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነት ነው? ጣና ላይ አምጥተው ቢለቁትስ ይኖራል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ልጅዎ ልክ ነው። ድንክ ፋኖስ ሻርክ ሊባል ይችላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤትሞፕቴረስ ፔሪ ነው። ከሚታወቁት ሻርኮች ሁሉ ትንሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። ስፕሪንገርና በርጀስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቁት። የተገኘው በካሪቢያን ባሕር፣ ኮሎምቢያና ቬኔዝዌላ አካባቢ፣ ከ283 እስከ 439 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው።

መብራቱን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት፣ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ዋና ጥቅሙ መደበቂያ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ቀን ከላይ የሚወርድ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ስለዚህ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ አዳኝ በላዩ የሚያልፈውን ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ያገኘዋል። ይኼ ሻርክ ሆዱ ላይ ባሉት ጥቃቅን አብሪ ነጥቦች ያንኑ የሚመስል ብርሃን ሲያወጣ ጥላው ይጠፋል። በቅርብ ዘመዱ ላይ እንደታየው ደግሞ መብራቱን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች ናቸው። አንዱ ሜላቶኒን ነው፣ እኛን ማታ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ያው ራሱ!

እንቁላል አይጥልም። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍሎ እናትየው ትወልዳለች፣ ያውም ሁለት ወይ ሦስት ብቻ። እርስዎ የመረብ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል፤ ማንም ፈልጎ ባያሰግረውም ለሌላ ዓሣ የተጣለ መረብ ካወጣው ቶሎ አይተካም።

ጣና ላይ ግን አይኖርም። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃኑም ሙቀቱም ይበዛበታል። ጥልቀቱ ቢገኝ እንኳ ውሃው ጨው የለውም። የሻርክ ገላ ጨውና ዩሪያ (ሽንት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ስለሚይዝ፣ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ ሰውነቱ ይጎርፋል፤ ያንን የሚቋቋሙት እንደ ቡል ሻርክ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ደግሞም ጣና ሌላ የትም የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። እንግዳ ዓሣ ይለቀቅበት የሚል ሐሳብ ከየትም ቢመጣ እኔ በበኩሌ እቃወማለሁ።